የቦሎኛውን ማማ ወጣሁ ያለችኝ ዕለት

ባለቤቴ ወደ ጣሊያን የሄደችው ጆሃንስበርግ ላይ ብርዱ በገባ ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ቴምቢሳ ያለችው ሱቃችን የምትሸጠው ብርድ ልብስ፣ ሹራብና የልጆች ጃኬት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ያንን ወቅት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ወቅት ከአጠገቤ አትጠፋም ነበር። ግን ታላቅ እህቷ፣ እኛ እቴቴ የምንላቸው፣ «ዘንድሮ ካልመጣሽ መቼ ልትመጪ ነው?» ብለው አጥብቀው ያዟት። ቪዛውም ወጣ። እኔም ሂጂ አልኳት።

እቴቴ ቦሎኛ በምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ የሚኖሩ፣ አቅም ያነሳቸውን የሰው አገር አዛውንቶች እየተንከባከቡ ዕድሜያቸውን የገፉ ሴት ናቸው። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ባለቤቴ ገና ተማሪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ በስልክ ካልሆነ በቀር ተያይተው አያውቁም። ልጅ አልወለድንም። ባለቤቴ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ የእኔ የምትለው ሰው የላትም።

አየር ማረፊያ ስሸኛት ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ የባለቤቴን ፓስፖርት ይዛ ወደ ውስጥ ገባችና ቆየች። እዚህ አገር ከወረቀት ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን መቆየት ያውቀዋል። የመኖሪያ ፈቃዷ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል ቢሉስ? አሁን ለቀዋት ስትመለስ አናስገባሽም ቢሏትስ? ልጅቷ ተመልሳ መጣችና ፓስፖርቱን ሰጠቻት። ባለቤቴ በመስታወቱ በኩል እጇን አውለበለበችልኝ። እኔ ግን ሜይፌር የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን እስክደርስ ድረስ መልሰዋት ትደውላለች ብዬ ስልኬን አየሁ።

ፎርድስበርግ በሚባለው የከተማው የገበያ ሰፈር ውስጥ በጅምላ የሚሸጥልኝ ወዳጅ አለኝ። የስልጤ ሰው ነው፤ ከእኔ ቀድሞ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ። በማግስቱ ዕቃ ላነሳ ስሄድ፣ «ሸኘሃት?» አለኝ።

«ሸኘኋት።»

«ትመለሳለች ብለህ ነው?»

ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እሱ ወዲያው ረስቶት ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ወጣሁ። አውሮፓ ገብተው ስልካቸውን ስለቀየሩ ሚስቶችና ባሎች የሚወራው ወሬ እኛ ሰፈር ከዳቦ ጋር ነው የሚበላው።

የመጀመሪያው የድምፅ መልእክቷ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ ነው። «ፒያሳ ነኝ» ትላለች። ለአፍታ አዲስ አበባ የገባች መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ሳቋ መጣ። «የእነሱ ፒያሳ ነው የምልህ። ዋናው አደባባያቸው። ዙሪያውን ቀይ ግንብ ነው፣ መሀሉ ሰፊ ሜዳ። ሰው መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግንቡ እስከ ግማሽ ድረስ እብነ በረድ ለብሷል፤ ከዚያ በላይ ጡቡ ራቁቱን ነው። ጀምረውት ሳይጨርሱት ስንት መቶ ዓመት ሆነው። እቴቴ ምን አለች መሰለህ? ቤት ጀምሮ የሚያቆመው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም አለች።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፅዋ ትንሽ የደከመ መሰለኝ፤ የመንገድ ድካም ነው አልኩ። አደባባይ ላይ ሆና ጸጥታው ግን ገረመኝ።

በሚቀጥለው ቀን ስለ በረንዳዎቹ ነገረችኝ። ቦሎኛ ውስጥ ቤቱ ሁሉ የታችኛው ፎቅ ላይ ለመንገደኛ የተተወ፣ በቅስት የተያዘ በረንዳ አለው። የአንዱ ቤት በረንዳ ሲያልቅ የጎረቤቱ ይቀጥላል። «ዝናብ ቢጥል ጃንጥላ የሚይዝ የለም» አለችኝ። «ፎርድስበርግ ሱቆቹ ፊት ያለውን ጥላ አስበው፤ እሱ ከተማውን ሙሉ ቢዞር ማለት ነው። ድሮ ተማሪ ሲበዛባቸው ቤታቸውን ወደ መንገዱ እያስረዘሙ ነው አሉ የሠሩት። ክፍሉ ከላይ፣ መተላለፊያው ከታች።»

ይህን የሰማሁት ጎጎ ወደ ሱቁ የመጡ ዕለት ነው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ሱቁን ያከራዩን፣ ከኋላው ባለው ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ወገባቸው ላይ ብርድ ልብስ አስረው ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ዕቃህን ከዚህ አንሳ» አሉኝ።

«ምነው ጎጎ?»

«ሐሙስ ሰልፍ አለ። የውጭ አገር ሰው ሱቅ ይዘጋ የሚል ነው። ጥግ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። ሰልፉ ሰልፍ ነው፤ ሄዶ ሄዶ ያልፋል። እኔ የምፈራው ከሰልፉ ኋላ የሚመጡትን ነው።»

«ወዴት ላንሳው?»

«የእኔ መኝታ ክፍል አስገባው። የእኔን ቤት አይሰብሩም።» በሩን አየት አደረጉና፣ «ይመስለኛል» ብለው ጨመሩ።

ያቺ «ይመስለኛል» አብራኝ ዋለች። ሎኬሽን በሚባሉት፣ እንደ ቴምቢሳ ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ የያዘ ሐበሻ እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዕቃው አይደለም። የትኛው ደንበኛ ትናንት ሰላም እንዳላለው፣ የትኛው ጎረምሳ በሩ ላይ እንደቆየ ነው የሚያስታውሰው። ወር ሙሉ ሲስቁልኝ የከረሙ ፊቶችን አንድ በአንድ እያነሳሁ መረመርኩ። ከማናቸውም ክፉ ነገር አላገኘሁም፤ ይህም አላረጋጋኝም።

ዕቃውን እኔና ጎጎ በቀን ብርሃን፣ በጓሮ በኩል አመላለስነው። እሳቸው ሹራቦቹን በክንዳቸው ታቅፈው፣ እኔ ብርድ ልብሶቹን በትከሻዬ። መኝታ ክፍላቸው እስከ ጣሪያው ሞላ። አልጋቸው ላይ ለመውጣት ጥቅል መርገጥ ነበረባቸው። «ዘንድሮ ብርድ አያገኘኝም» አሉ፤ እንደ ቀልድ ቢሉትም አልሳቁም።

በመሀል ስልኬ ጮኸ። ከእሷ ነው። አደባባዩ አጠገብ ካለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ቅስት እንዳለና በአንዱ ጥግ ግድግዳ ላይ አፍህን አስጠግተህ ብታንሾካሹክ በሌላኛው ጥግ የቆመው ሰው ቃል በቃል እንደሚሰማህ ትናገራለች። «መሀላችን ሰው ያልፋል፤ ምንም አይሰማም። እኔ ግን እቴቴ ስሜን ስትጠራኝ ሰማኋት» አለች።

ጓሮው ውስጥ ቆሜ መልስ ላኩላት። «ጥሩ ነው፣ ተዝናኚ። ገበያው ደህና ነው፣ ብርዱ ረድቶናል» አልኩ። ከኋላዬ ሱቁ ባዶውን ነበር። ምን ልበላት? ብነግራት በማግስቱ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እህቷን ያገኘችበትን ጥቂት ቀን ልነጥቃት አልፈለግሁም።

ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ፎርድስበርግ ወዳጄ ዘንድ መዋል ጀመርኩ። እሱም ጻካኔ የሚባል ሌላ ሎኬሽን ያለውን የወንድሙን ሱቅ አዘግቶ ነበርና ጨዋታው ቀንሷል። ከካርቶኖቹ መሀል በርጩማ ሰጠኝ። ስልካችንን እያየን እንቀመጣለን። ሐበሾች በሚላላኩባቸው የዋትሳፕ ቡድኖች ውስጥ የሚላከው ቪዲዮ ብዙ ነው። የዘንድሮው ይሁን የድሮ፣ እዚህ ይሁን ሌላ ከተማ አይታወቅም። ግን እንከፍተዋለን።

ረቡዕ ዕለት ከቀትር በኋላ መልእክቷ መጣ። ዛሬ ማማው ላይ ወጣን ትላለች። ቦሎኛ መሀል ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አሮጌ ማማዎች አሉ፤ አንዱ በጣም ረጅም፣ ሌላው አጭርና የዘመመ። «ረጅሙ ላይ ነው የወጣነው። ውስጡ የእንጨት ደረጃ ነው፤ የሰው እግር ስለፈጨው መሀሉ ጎድጉዷል። እቴቴ ስንት ጊዜ አረፈች። ላይ ስትደርስ ከተማው በሙሉ ቀይ ጣሪያ ነው፤ እስከ ተራራው ድረስ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ሳይመረቅ ከወጣ አይመረቅም ስለሚባል ተማሪዎቹ አይወጡም አሉ።»

አሳምራ ነው የነገረችኝ። ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር ፈልጌ ስለነበር ፎቶውን ልይ ብዬ የማማውን ስም ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ፎቶው ወጣ። ከሥሩ ግን፣ የዘመመው ማማ ይወድቃል ተብሎ ስለተሰጋ ዙሪያው ታጥሯል፣ ረጅሙም ለጎብኚ ተዘግቷል የሚል ነገር አነበብኩ። ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሌላም ከፈትኩ። የተዘጋው ዘንድሮም አይደለም።

ስልኩን ለወዳጄ አሳየሁት። አነበበና መለሰልኝ።

«ሌላ ማማ ይሆናል» አለ።

«ሁለቱ ብላ ነው የነገረችኝ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለና ዓይኑን ወደ ካርቶኖቹ መለሰ። በሸኘኋት ማግስት «ትመለሳለች ብለህ ነው?» ያለኝን አስታውሶ መሆኑ ገባኝ። ያፈረም መሰለኝ።

ከሄደች ወዲህ የላከችልኝን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አዳመጥኩ። አደባባዩ ጸጥ ያለ ነው። በረንዳው ላይ የእግር ኮቴ የለም። እሷ ያለችበት አንድም ፎቶ አልላከችም፤ በቪዲዮ እንነጋገር ባልኳት ቁጥር ኔትወርኩን ታሳብባለች። የት ነው ያለችው? ከማን ጋር? ጀርመን ተሻግራ ይሆን? እቴቴስ ለምን ይተባበሯታል? ነገ ቴምቢሳ የሚሆነውን መፍራቴን ትቼ ይህንን መፍራት ያዝኩ። ከዚያ ሁለቱም ፍርሃት አንድ ላይ መጡብኝ።

ከሱቁ ወጥቼ የቆመ መኪና አጠገብ ሆኜ ደወልኩ። ቶሎ አላነሳችም። ስታነሳ በሹክሹክታ ነው።

«የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ።»

«ማማው ተዘግቷል» አልኳት። «ሰው አይወጣበትም። አይቼዋለሁ።»

ከኋላዋ አንድ ማሽን እየቆየ ሲጮኽ ሰማሁ።

«አንቺ፣ የት ነሽ?»

«ሆስፒታል» አለችኝ። ከዚያ ልቅሶዋ መጣ። «እኔ ደህና ነኝ፤ እኔ አይደለሁም። እቴቴ ናት። በመጣሁ በማግስቱ አስተኟት። ሆዷ ውስጥ ዕጢ ነበረባት፤ የቀዶ ጥገናውን ቀን አስቆርጣ ነው እኔን የጠራችኝ። ለእኔም የነገረችኝ ከገባሁ በኋላ ነው። ቀዶ ጥገናው አልቋል። ያወጡትን መርምረው ውጤቱን እስኪነግሩን እየጠበቅን ነው።»

መኪናው ላይ ተደገፍኩ። «ታዲያ ያ ሁሉ አደባባይ?»

«እሷ ናት የምትነግረኝ። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሷ ከተማውን ታሳየኛለች፤ እኔ ኮሪደር ወጥቼ ለአንተ እነግርሃለሁ። ለባልሽ ከተማ እያየሁ ነው በይው፣ ካለዚያ ሱቁን ጥሎ ይጨነቃል አለችኝ። ማማው ላይ የወጣችው በወጣትነቷ ነው። ዛሬ ወጣን ያልኩት የእኔ ጭማሪ ነው። መዘጋቱን አላወቅሁም።»

ከኋላ የእቴቴ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ። «ስጪኝ» እያሉ ነው። ስልኩን ተቀበሉ።

«ወንድሜ፣ አጥፍተናል» አሉኝ።

«አላጠፋችሁም እቴቴ። እንዴት ነዎት? ያምዎታል?»

«ስስቅ ነው የሚያመኝ። ማማው ላይ አወጣችኝ አይደል? ገና ሰላሳም ሳይሞላኝ ነው የወጣሁት፤ ያኔም ልሞት ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሱቁስ? ሰላም ነው?»

ሰላም ነው ብዬ ሌላ ውሸት መጨመር አልፈለግሁም። እሳቸው ግን የታመሙ ሰው ናቸው ብዬ፣ «እሷን ያቅርቡልኝ» አልኩና ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ጎጎ የነገሩኝን፣ ዕቃው መኝታ ቤት መግባቱን፣ የነገውን ሰልፍ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አንተ ነገ እዚያ ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«አልሄድም። ጎጎም እንዳትመጣ ብለውኛል።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት፤ ከእንግዲህም ምንም እንዳልደብቃት ቃል ገባሁ። ከዚያ የሁለታችንም ቁጣ የት እንደሄደ አላውቅም። እኔን የበለጠ ያሳዘነኝ፣ ያን ሁሉ ቀን ኮሪደር ላይ ቆማ ድምፅዋን እያስተካከለች መሳቋ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፎርድስበርግ ብዙ ሱቅ ግማሽ በሩን ከፍቶ ነው የዋለው። ወዳጄ ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰልፉ ገና አልተነሳም ይላሉ። ባለቤቴ ደወለች። ከቤት ውጭ መሆኗ በጫጫታው ይታወቃል።

«እቴቴ አባረረችኝ» አለች። «እዚህ ተቀምጠሽ በጭንቀት ከምትገድዪኝ ውጪና ከተማውን እዪ አለችኝ። ኮረብታው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ስመሽ ነይ አለች። ቅዱስ ሉቃስ ሳላት የሚሏት ሥዕል እዚያ ነው ያለችው።»

«ስልኩን አትዝጊው» አልኳት።

አልዘጋችውም። ከከተማው በር እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ በረንዳ አለ፤ ቅስት በቅስት እየተቀጣጠለ ዳገቱን የሚወጣ። መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ እሷም ታወራለች። ግድግዳው ቢጫና ቀይ ነው፣ የሚሮጡ ሰዎች አሉ፣ አንዲት ባልቴት ውሻቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። እኔ ካፖርት ለብሼ፣ እጄን ለማሞቅ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ነው የምሰማት። ከዚያ ደረጃው ሲጀምር ወሬዋ እያጠረ መጣ። የምሰማው ትንፋሽዋን ብቻ ሆነ። በመሀል፣ «ጎጎ ደወሉ?» ትለኛለች። «ገና ናቸው» እላታለሁ። እንደገና ትወጣለች።

ወዳጄ ስልኩን እያየ፣ «ቴምቢሳ ጀምሯል» አለ። አልነገርኳት። ከዚያ የገባሁትን ቃል አሰብኩና፣ «ጀምሯል ይላሉ» አልኳት። ቆም አለች። «እሺ» አለችና መውጣቷን ቀጠለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ የምትጸልየውን አውቀዋለሁ። አብሬያት በልቤ ማለት ጀመርኩ። ወዳጄም በራሱ መንገድ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት።

«ደረስኩ» ስትለኝ ድምፅዋ ተቆራርጦ ነበር። «ከተማው ከታች ይታየኛል። ማማዎቹም ይታዩኛል፤ አንዱ እውነትም ዘሟል። ልግባ፣ ጫማዬን ላውልቅ?»

«እንደ አገሩ አድርጊ።»

ሥዕሏ ፊት ቆማ ሳለ ነው ጎጎ የደወሉልኝ። የባለቤቴን መስመር አቆይቼ አነሳሁ።

«አልፈዋል» አሉኝ። ድምፃቸው የደከመ ነው። «በርህን መትተውታል። ቆርቆሮው ጎብጧል። እኔ በረንዳዬ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። አንዱን ልጅ እናቱን አውቃታለሁ፤ በስሟ ጠራሁና ሰላም በልልኝ አልኩት። ሄዱ። ማዶ ያለውን ሱቅ ግን ሰብረዋል። ሰው አልተጎዳም።»

«ጎጎ፣ ብቻዎን ነበሩ?»

«ከማን ጋር ልሆን ነበር?» አሉ።

ወደ ባለቤቴ ስመለስ መስመሩ ቆይቶባት ነበር። ክፉ ነገር መስሏት ስሜን ደጋግማ ትጠራለች። «ደህና ነው» አልኳት። «በሩ ጎብጧል እንጂ ደህና ነው።» ቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አንዲት ጣሊያናዊት ውኃ ሰጠቻት።

የእቴቴ ውጤት ባለቤቴ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት መጣ። ክፉው ዓይነት አልነበረም። በየጊዜው መታየት አለባቸው ተብሏል፤ ስለዚህ ጭንቀቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከሆስፒታል ወጥተው ባለቤቴ ክንዳቸውን ደግፋ አንድ ቀን አደባባዩ ድረስ ወስዳቸዋለች። እዚያ ተቀምጠው አይስ ክሬም ሲበሉ የተነሱትን ፎቶ ላኩልኝ። እቴቴ ከስተዋል፤ ግን ይስቃሉ። ከኋላቸው ያ ግማሹ እብነ በረድ ያልለበሰ ቤተ ክርስቲያን አለ።

የመጣች ዕለት አየር ማረፊያ ቀድሜ ደረስኩ። ከእሷ አውሮፕላን የወረዱ ሰዎች ወጥተው አለቁ። ሌላ አውሮፕላን አረፈ፤ የእሱም ሰዎች መውጣት ጀመሩ። እሷ የለችም። ስልኳ አይነሳም። አንዱን ጠባቂ ጠየቅሁት፣ «ጠብቅ» አለኝ። በመጨረሻ ሻንጣዋን እየገፋች፣ ፊቷ አመድ መስሎ ብቅ አለች። የኢሚግሬሽን ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዷን ይዘው ኮምፒውተር አልሠራ ብሏቸው አቆይተዋታል። ሻንጣዋን ተቀበልኳትና ተቃቀፍን።

«ቤት እንሂድ?» አልኳት።

«መጀመሪያ ሱቁን ልየው» አለች።

ቴምቢሳ ስንደርስ ጎጎ በራፋቸው ላይ ነበሩ። ባለቤቴ በዙሉ ሰላም ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ለጎጎ የሐር ሻርፕ አምጥታላቸዋለች። አንገታቸው ላይ ስታደርግላቸው ጎጎ ስለ ከተማው ጠየቋት፤ ስለ በረንዳዎቹ፣ ስለ ማማዎቹ፣ ስለ ኮረብታው ነገረቻቸው። ጎጎ በጥሞና ሰምተው፣ «እዚያስ የውጭ አገር ሰው ሱቅ መክፈት ይችላል?» አሏት።

«አላውቅም ጎጎ፣ አልጠየቅሁም» አለች ባለቤቴ። ከዚያ የጎበጠውን በር በእጇ ዳበሰችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ለነገ ይስተካከላል? ብርዱ ሳያልፍ እንክፈት እንጂ።»

ብርድ ልብሶቹን ከጎጎ መኝታ ክፍል ማውጣት የጀመርነው ሻንጣዋ ገና መኪና ውስጥ እያለ ነው።